በስምህ የተሰጠው ድምፅ

መስከረም 14

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ፣ የመጋዘኑ ሥራህ፣ የዚያ አገር ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ ደህና ነው። ሰላም በይው፣ ይብላ፣ ካልሲ ሳያደርግ እንዳይተኛ ብላሃለች።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፋት ትል ይሆናል። አንተ በደወልክ ቁጥር ስልኩን እማዬ ትቀማኛለች፤ ብትመልስልኝም አጠገቤ ቁጭ ብላ ጆሮዋን ታቆማለች። ይህ ነገር ደግሞ ቶሎ ጆሮዋ ቢገባ እንቅልፍ የሚነሳት ነው።

ገበያችን ለከተማው ምክር ቤት አንድ ተወካይ እንደሚልክ ታውቃለህ። ወንበሩን እስካሁን የያዘው መዶሻው ነው። መዶሻው የምልህ አብሮ አደግህን፣ ምስማርና ቆርቆሮ ሻጩን፣ የማኅበራችንን ሰብሳቢ ነው። ስሙ የወጣለት አንተ ከሄድክ በኋላ ነው። ስብሰባ ላይ ሰው ንግግር ሲያበዛበት ከሱቁ ያመጣውን መዶሻ ጠረጴዛው ላይ ያሳርፋል። ሴት ከሆነች ተናጋሪዋ ገና "እኔ የምለው" ስትል ያሳርፋል።

ዘንድሮ ከከተማው አንድ መመሪያ መጣ፤ ሴቶችም ለወንበሩ ይወዳደሩ የሚል። መዶሻው ራሱ አነበበልን፣ ራሱ አጨበጨበ። እንግዲህ መብታችሁ ይኸው ብሎን ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። አንዲትም ሴት እንደማትቆም እርግጠኛ ነበር። በማግስቱ ሴቶቹ ተሰብስበው እኔ ሱቅ መጡና አንቺ ቁሚ አሉኝ። ለምን እኔ አልኳቸው። ሽንኩርት ሻጯ፣ ልብስ ስንለካ ሁላችንም ብሶታችንን የምንነግረው ላንቺ ነው፣ ለሌላ ሰው አንደግመውም አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሜትር ወገቧ ላይ ሲጠመጠም ምስጢሯን የማታወጣ ሴት አላየሁም።

የምንፈልገው ተራራ አይደለም። የገበያው መጸዳጃ ቤት ቁልፍ መዶሻው ሱቅ ውስጥ፣ ከሚዛኑ በላይ ተሰቅሎ ይውላል። ወንዶቹ ከግንቡ ጀርባ ዞር ይላሉ። እኛ ግን በገዢ መሃል ተጋፍተን "ቁልፉን" ማለት አለብን። እሱም "አሁን ደግሞ ምን ጠጣሽ?" ይላል፤ ሱቅ ሙሉ ሰው ይስቃል። ሽንኩርት ሻጯ እርጉዝ ሳለች ይህን ሽሽት ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳትቀምስ እየዋለች ኩላሊቷን ታመመች። ስለዚህ እሺ አልኳቸው።

አንድ እንቅፋት ግን አለ። መወዳደር ገበያው ውስጥ ለሚሠራ ሁሉ ተፈቅዷል። ድምፅ የሚሰጠው ግን ሱቁ በስሙ የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው። አባባ ያረፈ ጊዜ ሱቁ ባንተ ስም ዞረ፤ ያኔም የስፌት መኪናው ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። አሁን ልወዳደር እችላለሁ፣ ለራሴ ድምፅ መስጠት ግን አልችልም። ከሴቶቹ ያብዛኞቹ ሱቅ በባል፣ በወንድም፣ አንዳንዱም በሞተ አባት ስም ነው።

እባክህ ስሙን ወደ እኔ የሚያዛውር ወረቀት ፈርመህ ላክልኝ። ምርጫው ጥር ውስጥ ነው። ዛሬ ገንዘብ አልጠየቅኩህም፤ ፊርማህን ነው።

አክባሪህ፣ እህትህ

*

ኅዳር 3

ለምወድሽ ለእታለም፤

ሰላምታዬ እንደ ናፍቆቴ ብዛት ይድረስሽ። የእናቴን ጉልበት ሳሚልኝ። እኔ ደህና ነኝ። መልሱ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ደብዳቤሽን መናፈሻው ውስጥ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ቀጥዬ ኮራሁ። ትንሽ ሆነሽ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ አሰልፈሽ ቧንቧ የምታጠጪው አንቺ ነበርሽ፤ ከተራው የወጣውን በጥፊ ትይው ነበር። ምክር ቤቱ ጥፊ ይፈቅድ እንደሆነ ጠይቂ።

የስሙን ነገር ቀስ ብለን እናየዋለን። እዚህ ወረቀት ማስፈረም ብዙ ቢሮ ያስኬዳል። ደግሞስ ስም ምን ያደርግልሻል? ሱቁ ያንቺው አይደለም ወይ? ማን ውጪ አለሽ? መዶሻውንም አታስቀይሚው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ሰውየው አፉ ክፉ ነው እንጂ ልቡ ደህና ነው፤ አብሬው ነው ያደግኩት።

ለመሆኑ ከሱቁ ጀርባ ያለችው ጠባብ ክፍል አሁንም ባዶ ናት? ዝናብ ያስገባል? ማንንም እንዳታስገቢባት።

ለእናቴ መድኃኒት ትንሽ ልኬያለሁ። ከወትሮው ማነሱን አውቃለሁ፤ በሚቀጥለው አካክሳለሁ።

ወንድምሽ

*

ኅዳር 27

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ፈጣሪ ካለህበት ይጠብቅህ። እማዬ ደህና ናት፤ መድኃኒቱን ገዝቼላታለሁ፣ መርቃሃለች። ክፍሏ ባዶ ናት፣ ዝናብ አታስገባም፤ የጨርቅ ቁርጥራጭ ብቻ ነው ያለባት። ሥራ የበዛበት ሰው ግን በሥራ ሰዓት መናፈሻ ውስጥ ምን ይሠራል ብዬ ጠየቅኩ። ለራሴ ነው የጠየቅኩት።

ስም ምን ያደርግልሻል ላልከኝ ልንገርህ። ስብሰባ ሲጀመር ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ በየሱቁ ስም ይጠራል። ያንተን ስም ይጠራል። ቀና ብሎ ያየኛል፤ እኔ ከፊቱ ነኝ፣ በመርፌ የተበሳ ጣቴን ያያል። ከዚያ "የለም" ብሎ ይጽፋል። በየስብሰባው እንዲህ ነው። ሱቁን ከፍቼ፣ ጠርጌ፣ ግብሩን ከፍዬ መጥቼ የለም እባላለሁ።

ባለፈው ስብሰባ ተወዳዳሪዎች ተናገሩ። መዶሻውና እኔ ብቻ ነን። እሱ ስለ ልማት ብዙ አወራ። ተራዬ ደርሶ ስለ መጸዳጃ ቤቱ፣ በዝናብ ጊዜ ስለሚሞላው ቦይ፣ የኪራይ ጭማሪ ሲመጣ ማንም ሳይጠይቀን ስለመፈረሙ ተናገርኩ። መሃል ላይ መዶሻው "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ" ብሎ አቋረጠኝ፤ ሰው ሳቀ።

"በወንድማ ይኸው ስንት ዓመታችን፣ አላለቀም" አልኩት።

ያኔ የሳቁት ሴቶቹ ናቸው። መዶሻውን አሳረፈና ስብሰባው ተበተነ። እስከ ቤት ድረስ እየሮጥኩ ነው የገባሁት፤ ደስ ብሎኝ ነው መሰለኝ።

አሁን ሴቶቹ ባሎቻቸውን ይዘዋል። የጫማ ሰፊው ሚስት እሷን ካልመረጥክ ምሳህን ከመዶሻው ጋር ብላ ብላዋለች፤ ሰውየው ወዲያው እሺ አለ። ሱቅ በስማቸው ያላቸው ባል የሞተባቸው ሴቶችም ከእኔ ጋር ናቸው። ሲታሰብ ግን እኩል ለእኩል ነን። አንድ ድምፅ ነው የሚለየን፤ ያ ድምፅ ደግሞ ያንተ ነው። ወይም የእኔ ነው፣ ከላክልኝ።

ቢሮ ያስኬዳል ብለሃል። ሂድልኝ ወንድም ጋሼ። ሌላ የምለምንህ የለም።

እህትህ

*

ታኅሣሥ 22

ለእታለም፤

እንደምን አለሽ? ችግሩ ተፈቷልና ደስ ይበልሽ።

ስም ማዛወሩ ለጊዜው ይቆየን። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን አጫውትሻለሁ። እስከዚያው ውክልና ልሰጥሽ አሰብኩ። ማኅበሩ ጋ ስደውል ወኪል መሆን የሚችለው ራሱ በስሙ ሱቅ ያለው ሰው ነው አሉኝ። ባል የሞተባቸው ሴቶች አሉ ብለሽኛል፤ እኔ ግን አላውቃቸውም። ስለዚህ የማውቀውን ሰው፣ መዶሻውን ራሱን ደወልኩለት።

ምን ነካህ እንዳትይኝ። ወንድ ለወንድ ተነጋግረናል። "እህትህ እህቴ ናት፤ ብትፎካከረኝም ያንተን ድምፅ ለእሷ እሰጣለሁ፤ የኔ የኔ ነው፣ ያንተ ያንተ ነው" ብሎ ማለልኝ። በአባባ አጥንት ነው የማለው። አደራ እንደማይበላ አውቃለሁ። ውክልናውን በፈጣን ፖስታ ልኬለታለሁ፤ ይህ ደብዳቤ አንቺ ዘንድ ሳይደርስ ይደርሰዋል።

በርቺ። ስታሸንፊ መጀመሪያ ለእኔ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ

*

ጥር 19

ወንድም ጋሼ፤

ደብዳቤህ የደረሰኝ ከምርጫው በኋላ ነው።

ምርጫው በግልጽ ነበር። ጸሐፊው ስም ይጠራል፣ የተጠራው ተነስቶ የሚመርጠውን ይናገራል። ጫማ ሰፊው እኔን መረጠ፤ ሚስቱን እያየ። እኩል ለእኩል ሆነን አንድ ስም ቀረ። ያንተ ስም ተጠራ። እንደ ወትሮው የለም ይላል ብዬ አንገቴን ደፍቻለሁ። መዶሻው ተነሳ። ወረቀት ከኪሱ አወጣና ወኪሉ እኔ ነኝ አለ። ፊርማህን አየሁት፤ ያ የሚጠማዘዘው ፊርማህ ነው።

"ድምፁን ለእኔ ሰጥቷል" አለ።

በአንድ ድምፅ ተሸነፍኩ። በገዛ ሱቄ ድምፅ።

ሴቶቹ ሁሉ ዞረው እኔን አዩ። ሽንኩርት ሻጯ በር ላይ ጠብቃኝ "ወንድምሽ ሸጠሽ ወይስ አብራችሁ ነው የሸጣችሁን?" አለችኝ። ያንተ ደብዳቤ ገና መንገድ ላይ ነበር።

ደብዳቤውን ካነበብኩ በኋላ መዶሻው ሱቅ ሄድኩ። መሐላህስ አልኩት። ምስማር እየመዘነ ነበር፤ ቀና እንኳ አላለም። የሰጠኝ ድምፁን ነው፣ ማንን ምረጥ ብሎ ወረቀቱ ላይ አልጻፈም አለኝ። ይህን ያህል ነው።

ላንተ ምን እንደምጽፍ አላውቅም። ተናድጄብሃለሁ። ፊርማህን እምቢ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። እምቢ ማለት ከብዶህ ለሰውየው እሺ አልክ።

እማዬ ደህና ናት።

እህትህ

*

የካቲት 28

ወንድም ጋሼ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። ስልክህ አይነሳም። የላክኩት ደብዳቤ ይድረስህ አይድረስህ አላውቅም። እማዬ በየቀኑ ትጠይቀኛለች፤ ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዷል እያልኩ እዋሻለሁ። ትናንት ምን ዓይነት መጋዘን ነው ሠራተኛውን አገር ለአገር የሚያዞር አለችኝ። ሞኝ አይደለችም። ለእኔ መጻፍ ካስጠላህ ለእሷ ደውልላት።

የኔ ነገር እንዲህ ነው። ሽንኩርት ሻጯ የልጆቿን ዩኒፎርም ሌላ ልብስ ሰፊ ጋ አሰፋች። ባጠገቤ ይዛው አለፈች። ኮሌታው ጠሟል። ገበያው ውስጥ ሰው ሰላም ይለኛል፣ ከዚያ ወሬውን ያቆማል።

ወደ ከተማው ቅሬታ ሰሚ ቢሮ ሄጄ ነበር። ወረፋ ይዤ ውዬ አንዲት ሠራተኛ አነጋገረችኝ። ውክልና ሰጪው ራሱ፣ ወኪሌ ከቃሌ ውጪ ነው የመረጠው ብሎ በጽሑፍ ውክልናውን ከሻረ ያ ድምፅ ይሰረዛል፣ እኩል ትሆናላችሁ፣ ምርጫው ይደገማል አለችኝ። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ጊዜ አለው።

እሱን ላክልኝ። ግን እሱ ብቻ አይበቃኝም። ምርጫው ቢደገም ያንተ ስም እንደገና ሲጠራ እኔ እንደገና ቁጭ ብዬ ልሰማ ነው። ስሙን ነው የምፈልገው። ለምን እንደከለከልከኝ አንድ ቀን አጫውትሻለሁ ብለሃል። ያ ቀን ዛሬ ይሁን።

እህትህ

*

መጋቢት 24

ለእታለም፤

ሁለቱም ደብዳቤ ደርሶኛል። የጥር ወሩን ካነበብኩ በኋላ ስልኬን ማንሳት አፈርኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ግን የተመነጠርኩት በራሴ አይደለም፣ ባንቺ ነው። ለመዶሻው ደውዬ የምለውን አልኩት። ዘጋብኝ።

እውነቱን ልንገርሽ። መጋዘኑ ከተዘጋ ቆይቷል። ከክረምቱ በፊት ነው። ጠዋት እንደ ሠራተኛ ታጥቤ እወጣለሁ፣ መናፈሻው ውስጥ እውላለሁ። ቤቱንም ለቅቄ አንድ ጓደኛዬ ሳሎን ውስጥ ነው የምተኛው። ባለቤቱ ስታልፍ ጫማዬን ከመንገዷ ላይ አነሳለሁ። ሥራ እየፈለግኩ ነው፤ በዚህ ዕድሜ መጋዘን የሚፈልገኝ ጠፋ።

እዚህ ሰው ስተዋወቅ አገርህ ምን አለህ ይሉኛል። ሱቅ አለኝ እላለሁ። የልብስ ስፌት ሱቅ፣ ገበያ መሃል፣ በስሜ። ይህን ስናገር ቀና እላለሁ። ሌላ በስሜ ያለ ነገር የለኝም እታለም። ስሙን ላክልኝ ስትይኝ የቀረችኝን አንዲት ነገር የጠየቅሽኝ መሰለኝ። አንቺ የምትሠሪበትን፣ የምትከፍይበትን ሱቅ እኔ ለወሬ ይዤው ኖርኩ። ከልቤ ይቅር በይኝ።

ሁለት ወረቀት አለ። አንዱ ውክልናውን የሚሽር ነው፤ ከቃሌ ውጪ መምረጡን በግልጽ ጽፌያለሁ። ሁለተኛው ስም ማዛወሪያው ነው። ቢሮው ብዙ አላስኬደኝም። አንድ ቀን ነው የፈጀው።

የስፌቱን ሱቅ ላንቺ ስጽፍ የቢሮው ሰውዬ በስንት ሸጥክላት አለኝ። የራሷ ነው አልኩት።

ለእናቴ እደውላለሁ። ምን እንደምላት ግን አላወቅኩም።

ወንድምሽ

*

ሰኔ 6

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

ጤናና ሰላም ካንተ አይራቅ። ፈጣሪ የሠራኸውን ይባርክልህ፣ ያልሠራኸውንም ያስብልህ። ወረቀቶቹ ደረሱኝ። ደብዳቤህን ሳነብ አለቀስኩ፤ ለመጋዘኑ ሳይሆን ለጫማህ ነው ያለቀስኩት።

ስም ማዛወሪያውን ይዤ መዝገብ ቤት ስሄድ ጫማ ሰፊውና ሚስቱ ተከተሉኝ። እሱም የራሱን በጋራ ስም አደረገላት። ምክንያቱን ስጠይቀው የምሳ ጉዳይ ነው አለኝ። ሌሎች ሦስት ሴቶችም ባሎቻቸውን ጎትተው መጡ። የሽንኩርት ሻጯ ባል እምቢ አለ፤ እስከ ዛሬም እምቢ እንዳለ ነው። ሁሉም አልሆነም።

ውክልናውን የሻርክበትን ወረቀትና ያንን የታኅሣሥ ደብዳቤህን ወስጄ ለሽንኩርት ሻጯ አነበብኩላት። እሷ ማንበብ አትችልም፤ ስለዚህ ጣቴን በየመስመሩ እያስኬድኩ ነው ያነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። "ወንድምሽ ሌባ አይደለም፤ ሞኝ ነው" አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። በሳምንቱ ኮሌታው የጠመመውን ዩኒፎርም አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረችው።

ምርጫው ተደገመ። ጸሐፊው ስም መጥራት ጀመረ። የሱቃችን ተራ ሲደርስ ባንተ ስም ፈንታ የኔን ጠራ። እንዲህ ጮክ ተብሎ ስሜ ሲጠራ ከትምህርት ቤት ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። አለሁ አልኩ፤ ድምፄ ተሰበረ፤ ደግሜ አለሁ አልኩ። ራሴን መረጥኩ። ወንድም ጋሼ፣ ሰው ራሱን ሲመርጥ ያፍር ይሆን ብዬ ነበር፤ ምንም አላፈርኩም።

አሸነፍኩ። መዶሻው ውጤቱን አልቀበልም አለና መዶሻውን አሳረፈ። የከተማው ታዛቢ፣ ያቺ የቅሬታ ሰሚ ሠራተኛ ነበረች፣ ጠረጴዛውን አይስበሩት የመንግሥት ነው አለችው። ማኅበሩን አሁንም የሚመራው እሱ ነው፤ ከእሱ ጋር ገና ብዙ እንጨቃጨቃለን። የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ ግን በየሳምንቱ ከሴት ሱቅ ወደ ሴት ሱቅ ይዞራል። ምክር ቤቱም ገባሁ። በር ላይ ዘበኛው የማን ባለቤት ነሽ አለኝ። የስፌት መኪና አልኩት፤ አሳለፈኝ። ቦዩን አንስቼ ተናገርኩ። እናያለን አሉኝ፤ እኔም እጠብቃለሁ።

ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። ስላንተም። ሥራ መፍታቱን ቀድሜ አውቄዋለሁ፣ ድምፁ ከሳ አለች። ከዚያ ይምጣ አለች። እኔም እንዲሁ እልሃለሁ።

ወንድም ጋሼ፣ ና። ያቺን ክፍል ለምን እንደጠየቅኸኝ ገብቶኛል፤ ቁርጥራጩን አውጥቼ ጠርጌያታለሁ። ሥራው በዝቶብኛል፤ ምክር ቤት ስውል የልብስ ቁልፍ የሚተክልና በካውያ የሚተኩስ ሰው የለኝም። ደሞዝህ ትንሽ ነው፣ ጫማህን ግን ማንም አያስነሳህም። ሰው አገርህ ምን አለህ ቢልህ እህት አለችኝ በል።

ስብሰባ ሲኖርም አብረኸኝ ትመጣለህ፣ ከኋላ ወንበር አለ፣ ተቀምጠህ ትሰማለህ። ድምፅ ግን የለህም።

እህትህ